ሹፌሩ መኪና ገዛ

ተስፋለም ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ነድቷል፤ የራሱ መኪና ግን ኖሮት አያውቅም። ካዛንቺስ በነበረ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሹፌር ነበር። ከሞያሌ እስከ መተማ ያልነዳበት መንገድ፣ ቁርሱን ያልበላበት ከተማ የለም ማለት ይቻላል። አመሻሽ ላይ ግን ቁልፉን ለጥበቃው አስረክቦ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቂርቆስ በእግሩ ይወርዳል። የሰፈሩ ሰው «ሹፌሩ» እያለ ይጠራዋል እንጂ መሪ ጨብጦ ያየው አልነበረም።

ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ቢሮውን ሲዘጋ ንብረቱን ለሠራተኞቹ ሸጠ። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም፣ የሻይ ማፍያውም በየቤቱ ተከፋፈለ። ከመኪኖቹ መካከል አንዲት ነጭ የናፍጣ የመስክ መኪና ነበረች፤ ረጅም፣ ከኋላዋ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ ዕድሜዋ ከአንዳንዶቹ ሠራተኞች ዕድሜ የሚበልጥ። ተስፋለም ከቤቱ ይልቅ እሷ ውስጥ የኖረው ይበዛል። የስንብት ገንዘቡን ሰብስቦ ገዛት።

ሁሉም ሊያተርፍባት የገዛት መስሎት ነበር። እንዲያውም አንድ ደላላ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«አልሸጥም» አለው ተስፋለም።

«ምን ልታደርጋት ነው ታዲያ? አገሩ ሁሉ በቻርጅ በሚሄድበት ዘመን አንተ ለናፍጣ ልትሰለፍ?»

ተስፋለም ፈገግ ብሎ ሞተሯን አስነሳና ወጣ። የግቢው ጥበቃ እንደ ወትሮው መውጫ ፈቃድ ሊጠይቀው እጁን ከዘረጋ በኋላ ትዝ ሲለው፣ እጁን ወደ ግንባሩ አንስቶ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠው።

ሚስቱ እጸገነት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ቤቷ ድሮ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ማሽኖቿን ይዛ ቂርቆስ፣ እቤታቸው አጠገብ ካለች አንዲት ክፍል ገብታለች። ተስፋለም በሩ ላይ ደርሶ ክላክሱን ነካ ሲያደርግ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች።

«የማን ናት?»

«የኛ።»

«የኛ የማን?»

«ያንቺና የኔ ነዋ! ነይ ግቢ፣ ዞር ዞር እንበል።»

ከመኪናው ወርዶ፣ በፈጣን እርምጃ ዞሮ፣ የኋላውን በር ከፈተላት። እጸገነት ክብር መስሏት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። በሩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ገጠመ፤ ስፖኪዮውን አስተካከለ፤ ነዳ። ብዙ አልተነጋገሩም። ደህና ሹፌር ተሳፋሪው ካልጀመረ ወሬ አይጀምርም። መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ተስፋለም በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየት አደረገና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«በየት በኩል ይሁንልዎት?» አለ።

 ከዚያ እጸገነት ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪፈስ፣ አግዳሚው ላይ ተጋድማ ሳቀች። ተስፋለም መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ እሱም ሳቀ። ከኋላቸው የታክሲ ጥሩምባ ሲያጣድፋቸው ዳር ያዘ። እጸገነት ወርዳ፣ የፊተኛውን በር ራሷ ከፍታ፣ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታዬ እዚህ ነው» አለችው። «አሁን ንዳ፤ የፈለግህበት ውሰደኝ።»

የፈለገበት የት እንደሆነ ግን አላወቀውም። ሌሎች የፈለጉበትን ሲያውቅ የኖረ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ችግር ማቆሚያ ነበር። የቂርቆስ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ለሰውና ለባጃጅ እንጂ ለእንዲህ ያለች መኪና የሚበቃ አይደለም። ሰፊ በር ያላቸው ጎረቤታቸው እትዬ የሻረግ ብቻ ናቸው። እትዬ የሻረግ ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ድሮ የቴሌ ኦፕሬተር የነበሩ ሴት ሲሆኑ፣ ድምፃቸው ዛሬም ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል።

«ኪራይ አልፈልግም» አሉት፣ መኪናዋን ግቢያቸው ሊያቆም ሲጠይቃቸው። «ግን አንድ ቀን ከዚህ ከተማ ታወጣኛለህ። ልጆቼ መኪና አላቸው፣ ጊዜ የላቸውም። አንተ አሁን ሁለቱም አለህ።»

«የት ልውሰድዎት፣ እትዬ?»

«ውሃ ያለበት! ተራራና ሕንፃማ መች አጣሁ።»

«ላንጋኖ ይሁና። ስንትና ስንቴ ሄጃለሁ።»

«ውሃው እንዴት ነው?»

ተስፋለም እንግዶችን ላንጋኖ አድርሶ ያልመለሰበት ዓመት የለም፤ ውሃው ውስጥ ግን እግሩን ነክሮ አያውቅም። ሹፌር መኪና ይጠብቃል፤ እንግዶቹ ሲመለሱ ሞተሩ ተነስቶ፣ መስታወቱ ተጠርጎ መገኘት አለበት።

«ቡናማ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከሩቅ ሲታይ ቡናማ ነው።»

ለጉዞው መኪናዋ መታየት ነበረባት። የቢሮ ሹፌር እያለ ጥገና ለሱ ቀላል ነገር ነበር፤ «ድምፅ አላት» ብሎ ያስረክባል፣ ከቀናት በኋላ ታጥባና ድምጿን አጥፍታ ትመለስለታለች። በመሀል ምን እንደሚሆን ጠይቆ አያውቅም። አሁን ሰንጋ ተራ ጀርባ ጋራዥ ወዳለው ወደ ሳላሀዲን ወሰዳት። ሳላሀዲን ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ወሬውን ደግሞ ከሥራው አብልጦ የሚወድ ልጅ ነው።

«ምን ይሠራላት፣ ጋሼ?»

«የሚያስፈልጋት።»

«ማለቴ፣ የሚያስፈልጋትና የሚያምርባት አንድ አይደለም እኮ። እርስዎ ምን ይወዳሉ?»

ይህን ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚነዳት መኪና ቀለሟም፣ ጎማዋም፣ የምትሄድበትም በሌላ ሰው ሲወሰን ነው የኖረው። ሳላሀዲን ስልኩን አውጥቶ፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ እግራቸው እንደ ትራክተር ወፍሮ በረሃ የሚሰነጥቁ መኪኖችን ቪዲዮ እያከታተለ አሳየው።

«ሞላዋን ቀይረን ወደ ላይ እናነሳታለን። ጎማዋ ይፋፋል። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ መብራት ድርድር! በቃ፣ ጎተራ ቆመው ቃሊቲን ያያሉ!»

ተስፋለም ቃሊቲን ከጎተራ የማየት ፍላጎት ኖሮት አያውቅም። ያን ዕለት ግን አማረው። እንደ ልጅ ልቡ ዘለለ። «አድርግልኝ» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ጋራዡ እየተመላለሰ ሲያያት ሰነበተ። ያለቀች ዕለት ነድቶ ሰፈር ሲገባ ሕፃናቱ እየጮሁ ተከተሉት፤ የባልትና ሱቅ ያላቸው ሰውዬ ከሱቃቸው ወጥተው አፋቸውን ይዘው አዩዋት። ተስፋለም ከላይ ሆኖ የሰው አናት እያየ ሲነዳ ንጉሥ የሆነ መሰለው። ንግሥናው የዘለቀው እስከ እትዬ የሻረግ በር ነው። ቀስ ብሎ ሲያስገባ ከላይ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ። መብራቱ የበሩን የላይኛውን ብረት ነክቶታል። ትናንት ስትገባበት የነበረው በር ዛሬ አያስገባትም።

እትዬ የሻረግ ወጥተው ዙሪያዋን አዩ። አንድ እግራቸውን አንስተው ወደ በሩ ለመውጣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እጸገነት በርጩማ አመጣች። በርጩማውም አላደረሳቸውም።

«ተስፋለም» አሉ እግራቸውን መሬት መልሰው፣ «እኔ መኪና ነው ያልሁህ፤ ግመል መች አልሁህ?»

ጉዱ በዚህ አላበቃም። መሪው ሲጠመዘዝ የፋፋው ጎማ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይፍቃል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉም ያሳፈረው ጭሱ ነው። ካዛንቺስ አዲሱ መንገድ ላይ መብራት ይዞት ሲቆም፣ ግራና ቀኙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ድምፃቸውን አጥፍተው እንደ ድመት ተኝተዋል። አረንጓዴ ሲበራና እሱ ነዳጅ ሲረግጥ ከኋላው እንደ ቡታጋዝ ምድጃ ጥቁር ጭስ ተግተለተለ። አንዲት ወጣት ሴት መስታወቷን ዘግታ፣ ከመስታወቱ ውስጥ ሆና በእጇ አፍንጫዋን ይዛ አየችው። ተስፋለም ይቅርታ ለመጠየቅ እጁን አነሳ፤ ሰላምታ መስሏት ፊቷን አዞረች።

ማታ ራት ላይ ለእጸገነት ነገራት።

«ሳንባዋ እየታፈነ ጫማ ገዛህላት» አለችው።

«ምን?»

«እኔ ኮት ስሰፋ ገበሩ ሳይስተካከል ቁልፍ አልተክልም። አንተ ግን ከቁልፉ ጀመርህ። ደግሞ ማን ሊያይልህ ነው? እኛ እንሳፈርባት እንጂ።»

ተስፋለም ጥቂት አኩርፎ ጥቂት ሳቀ። በማግስቱ ሰንጋ ተራ ወርዶ ሳላሀዲንን፣

«አውርዳት» አለው።

«ጋሼ! እንዲህ አምሮባት?»

«ያምርባታል። ጎረቤቴ ግን አይወጡባትም፣ እኔም በበሩ አላስገባትም። ጎማውን ለሚፈልግ ሽጥልኝ፤ መብራቱንም። አሁን የሚያስፈልጋትን እንይ።»

ሳላሀዲን ፊቱ ለአንድ ሻይ ያህል ጊዜ ብቻ ጠቆረ። ሻዩን ሲጨርስ እጀታውን ሰብስቦ ኮፈኗን ከፈተ። «ቱታ እንካ፣ ጋሼ» አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱታው እየቀረ ሄደ። «ዝም ብለህ ቆመህ ከምታየኝ ያዝልኝ።»

እንዲህ ነው ተስፋለም ሲነዳት የኖረውን መኪና ሆድ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። የአየር ፊልትሮው ሲወጣ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጡብ ከብዷል። ሳላሀዲን መሬት ላይ ሲያራግፈው ቀይ አፈር፣ ግራጫ አፈር፣ ነጭ አፈር በየተራ ወረደ።

«ይሄ የስንት ክፍለ ሀገር አፈር ነው?»

«ቀዩ የቦረና ነው» አለ ተስፋለም። «ነጩ የአፋር ሳይሆን አይቀርም።»

ናፍጣ የሚረጩት አፍንጫዎች ተፈትተው፣ ተሞክረው፣ ያረጁት ተቀየሩ። ዘይቱ ተለወጠ፤ ራዲያተሩ ታጠበ፤ ከኋላ ክብደቷን የሚሸከመው፣ የደከመው ባሌስትራ በአዲስ ተተካ። ጎማዋም በልኳ የሆነ አዲስ ተደረገላት። ሁለቱ አንዳንዴ ይጨቃጨቃሉ። ሳላሀዲን አንዱን ቱቦ ገልብጦ ገጥሞ ሞተሯ እምቢ ስትል ተስፋለም ነው ያየው፤ ተስፋለም ደግሞ የዘይቱን ክዳን ረስቶ ሞተር አስነስቶ ሁለቱንም ዘይት አልብሷቸዋል። ማታ ማታ እጁን በሳሙናና በስኳር እያሸ ሲታጠብ እጸገነት የጥፍሩን ጥቁረት እያየች ትስቅበታለች። ደስ ብሎታል። ሞተሯ ስትነሳ በየድምፁ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ድሮ ድምፅ ብቻ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሳላሀዲን ከኋላ በሩ ሥር ሰፊ መርገጫ በየደ። እጸገነት ደግሞ አግዳሚዎቹን አስወርዳ፣ በወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ ከነስፖንጁ ሰፋቻቸው፤ ለመደገፊያውም ጠርዝ አወጣችለት። እትዬ የሻረግ ለልክ ተጠርተው መጡ። መርገጫውን ረገጡ፣ ወጡ፣ ተቀመጡ፣ አንድ ሁለቴ ጎበጥ ቀና ብለው ሞከሩት።

«አሁን መኪና ሆነች» አሉ። «መቼ ነው የምንሄደው?»

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሱ። እጸገነት ከፊት፣ እትዬ የሻረግ ከኋላ፣ ከእትዬ የሻረግ አጠገብ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል የያዘ ዘንቢል። መስቀል አደባባይ ስፖርት በሚሠራ ሰው ተሞልቷል፤ በደረጃዎቹ ላይ የሚሮጠው ይሮጣል፣ መሐል ሜዳ ላይ የሚዘለው ይዘላል። መኪናዋ አደባባዩ ጫፍ ላይ ስትደርስ አንዴ ተንቀጠቀጠች፤ አሳለች፤ ቀጥ አለች።

ተስፋለም ቁልፉን አዞረ። ትዞራለች፣ አትነሳም። እጁ ሳያስበው ወደ ጎን ሄዶ የመገናኛ ሬዲዮውን ፈለገ። በመስክ ሕይወቱ መኪና ሲቆምበት ሬዲዮውን አንስቶ ቢሮ ይጠራል፤ ሌላ መኪና ይላካል። አሁን እዚያ ያለው የሬዲዮው ብሎን የተነቀለበት ቀዳዳ ብቻ ነው።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አሉ እትዬ የሻረግ ከኋላ።

«ማንንም» አለ ተስፋለም፣ በረጅሙ ተንፍሶ።

ሳላሀዲን ጋ ደወለ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። በቅዳሜ ማለዳ ሳላሀዲን የሚነሳው በሰማይ መለከት ነው። በዚህ መሀል ቱታ የለበሱ ስፖርተኞች ከበው «ይገፋ?» አሉ፤ ላባቸው ሳይደርቅ ተሰልፈው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብለው ወደ ዳር ገፏት። እትዬ የሻረግ አልወረዱም። መስኮቱን ከፍተው «በርቱ! ሆድም ይጠፋል!» እያሉ ያበረታቱ ነበር።

ዳር ላይ ተስፋለም ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ። አሰበ። ዳሽቦርዱ ላይ ከመቆሟ በፊት ትንሽ ቀይ መብራት በርቶ ነበር፤ የናፍጣ ፊልትሮ ምልክት። የናፍጣ ሰልፉን ፈርቶ ክረምቱን በግማሽ ነዳጅ ነው ያሳለፋት። ታንከሩ ሲጎድል ውስጡ ውሃ ያልባል፤ ውሃው ከናፍጣው በታች ይተኛል፤ ሳላሀዲን ይህን በአንድ ሻይና በሁለት ሳምቡሳ አስረድቶታል።

«እትዬ፣ የውሃውን የላስቲክ ጠርሙስ ያቀብሉኝ። ውሃው ይደፋ።»

«ገና አልጠጣሁትም እኮ!»

«ላንጋኖ ሙሉ ውሃ አለልዎት።»

ባዶውን ላስቲክ እጸገነት ከፊልትሮው ሥር ያዘችለት። ተስፋለም ከሥር ያለችውን ብሎን በጣቱ አላላ። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ እንደ ክር እየወረደ ላስቲኩን ሞላው። እጸገነት ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። ከታች ጥርት ያለ ውሃ፣ ከላይ ወርቅማ ናፍጣ፣ በመሀል እንደ ስፌት ቀጭን መስመር።

«ይሄው! ውሃ ነው!» ብላ ጮኸች፣ ራሷ ያገኘችው ይመስል።

ብሎኗን መልሶ አጠበቀ። ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክርበት ድረስ ተጫነው። ገባ። ቁልፉን አዞረ። አሳለች፤ ተንገዳገደች፤ ቀጥሎ ያንን የሚያውቀውን ድምጿን አሰማች። ስፖርተኞቹ አጨበጨቡ። አንደኛው እንዲያውም ከመኪናዋ ጋር ፎቶ ካልተነሳሁ ብሎ ሁሉንም አሰለፋቸው። በፎቶው ላይ ተስፋለም ናፍጣ የነካ እጁን ከልብሱ አርቆ፣ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ እንደ ጨርቅ ተዘረጋላቸው። የፍጥነት መንገዱን ሲይዙ ጭስ የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ባቱ ከተማ ላይ ዓሣ በሉ። ላንጋኖ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እጸገነት እትዬ የሻረግን ደግፋ ወደ ውሃው ወረደች። ተስፋለም ጥላ ፈልጎ መኪናዋን አቆመ፤ ጨርቅ አውጥቶ የፊቱን መስታወት ጠረገ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተጋደመ። የለመደው ቦታ ነው። እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገው ሲል ያ የቴሌ ድምፅ ከታች መጣ።

«አንተ ተስፋለም! እዚያ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ቀና ብሎ አሰበ። ማንንም አይጠብቅም። የሚጠብቃቸው ሰዎች ሁሉ ከታች እሱን እየጠበቁት ነው።

በሩን ቆለፈ። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በትኩሱ አሸዋ ላይ እየዘለለ ወረደ። ውሃው እውነትም ቡናማ ነው፤ ሻይ በወተት ይመስላል። ሞቅ ያለ ነው፤ ይህን ግን ከላይ ከማቆሚያው ሆኖ ሊያውቅ አይችልም ነበር። እጸገነት ውሃ ረጨችው። እትዬ የሻረግ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው፣ ከእግራቸው ሥር አሸዋው ሲሸሽ እየሳቁ «ያዙኝ! ያዙኝ!» ይላሉ። ተስፋለም እስከ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ እስከ ወገቡ። ከዚያ ሱሪውን ረሳው።

ያ ጉዞ ወሬው ቂርቆስን አዳረሰ። ዛሬ መኪናዋ እሑድ እሑድ ባዶ አትውልም። በሰፈሩ ውስጥ ልጆቹ ጊዜ ያጡለት ወላጅ፣ ከተማ የሰለቸው ቤተሰብ፣ ተስፋለምን አስቀድሞ ይይዘዋል። ሥራም ሆነለት፤ ደስ የሚል ሥራ፤ ለምሳ ሲቀመጡ ከነሱ ጋር አብሮ የሚቀመጥበት። ታንከሩን ማታውኑ ይሞላል፤ ሰልፉ ቢረዝምም ሞልቶ ያሳድራል። ዘይቷን ራሱ ይቀይራል። ከባድ ሲሆን ብቻ ሳላሀዲን ጋ ይሄዳል፤ ሳላሀዲንም አልፎ አልፎ መብራት ድርድሩን ያነሳበታል፤ ተስፋለምም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

በቅርቡ ደግሞ እጸገነት መሪ ካልያዝሁ አለች። የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ተመዝግባ የሕጉን ፈተና አልፋለች። ልምምዱን ግን «በራሴ መኪና» ብላ፣ ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወጣ ካለ ባዶ ሜዳ ላይ ትሠራለች። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ትዘላለች። ተስፋለም ከጎኗ ተቀምጦ፣ የሌለ ፍሬን በቀኝ እግሩ እየረገጠ፣

«ቀስ! ቀስ! ማርሽ! ማርሹን!» ይላል።

«ዝም በል አንተ» ትለዋለች፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል። «ተሳፋሪ ሹፌርን አያዋራም።»

ሞተሯ ትጠፋለች። እጸገነት ቁልፉን ታዞራለች፤ እንደገና ይሞክራሉ።